ጠመንጃ ያልያዘ መሪ አገሩን አይወድም ያለው ማነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ
ከጅማ

እንደምን ሰነበታችሁ። በቅርቡ በአስተያየት ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው፦ ለአገሩ ሊሞት ተሰልፎ የማያውቅ ሰው አገሩን ይወዳል ብሎ ማመን ይከብዳል፣ ስለዚህ መሪ መሆን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ወታደር ቤት ገብቶ ይውጣ። ጽሑፉ ደህና ነው፣ ይነበባል። ሐሳቡ ግን አልተዋጠልኝም።

እኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ከቤቴ ደጃፍ ላይ ጀበና ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ የቡና መጋዘን ሠራተኞች ናቸው፣ የባጃጅ ልጆች ናቸው፣ አንዳንዴም ከዩኒቨርሲቲው መምህራን ብቅ ይላሉ። ጽሑፉን አንዱ ጮክ ብሎ አነበበው። ግማሹ «እውነቱን ነው» አለ፣ ግማሹ ሳቀ፣ ከዚያ ክርክር ሆነ። ሁለተኛ ጀበና ጣድኩ፣ ሦስተኛም ጣድኩ። ለገበያው እግዜር ይስጣችሁ።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው ቦታ እንዳለ መጀመሪያ ልመስክር። ጦርነትን ያየ ሰው በጦርነት አይቀልድም ይባላል፣ አንዳንዱ ላይም እውነት ነው። አሜሪካዊው አይዘንሃወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ላይ የዘመተውን የቃል ኪዳን ጦር በሙሉ ያዘዘ ጄነራል ነበር። ፕሬዚዳንት በሆነበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1953፣ የእኛ የቃኘው ልጆች ጭምር የሞቱበት የኮርያ ጦርነት በተኩስ አቁም ቆመ። ሥልጣን ሲለቅ ደግሞ ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ስለ ጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪው ጉልበት ነው። ወታደርነት ሰውን እንዲህም ያደርጋል። ይሄን አልክድም።

ግን እዚያው ቡና ላይ የተቀመጡ አንድ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። ወዶ ዘማች ናቸው፣ ማንም አልጎተታቸውም። በ1970 ካራማራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተወሰዱና እስከ መጨረሻው እዚያው ቆዩ። ዛሬ ሌሊት ሌሊት የቡና መጋዘን ይጠብቃሉ። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት የለም፣ ስኒ የሚይዙት በግራ ነው፣ ስኳር ሦስት ማንኪያ ካልሆነ አይጠጡም። ክርክሩ ሲጦፍ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «አለቃችንም እኮ ወታደር ነበር» አሉ።

አለቃችን ያሉት መንግሥቱ ኃይለማርያምን ነው።

እስቲ በጸሐፊው ሚዛን እንመዝነው። ሆለታ የሰለጠነ መኮንን ነው፣ ማዕረጉ ሌተና ኮሎኔል ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ወታደር ቤት ነው የኖረው። በዚህ ሚዛን ከሄድን ከእሱ በላይ አገር ወዳድ ከየት ይመጣል? እና ምን አደረገ? በ1980 ኤርትራ ውስጥ የተሰለፈው የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩትን ብርጋዴር ጄነራል ታሪኩ ዓይኔን አስረሸነ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት፣ የዕዙ መቀመጫ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ወደቀ። በ1981 ግንቦት ጄነራሎቹ ሊያወርዱት ሞከሩ፣ አልተሳካላቸውም። አሰራቸውና በዓመቱ ገደማ አስራ ሁለቱን ረሸናቸው። አገሪቱ ለአስርት ዓመታት ያስተማረቻቸውን ሰዎች ጦርነቱ መሃል ላይ አጠፋ። «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ሲል ኖሮ ግንቦት 13 ቀን 1983 ሲደርስ ሦስተኛ ምርጫ ተገኘ፣ ሐራሬ። እናት አገርንም ሞትንም ለሌላው ትቶ ሄደ።

ሃምሳ አለቃ ያን ጊዜ ሰሜን ነበሩ። ወደ ቤታቸው የተመለሱት በእግራቸው ነው። ወልድያ ላይ የወታደር ልብሳቸውን በአሮጌ ሱሪ ለወጡ። ከስክስ ጫማቸውን ደግሞ በእንጀራ። ሲያወሩት ይስቃሉ፣ «ከስክሱ አዲስ ነበር፣ ሴትዮዋ አተረፈች» ይላሉ። ያን ሰሞን በየመንገዱ ዳቦ የሚለምን ወታደር ያየ ሁሉ ያስታውሳል። ለአሥራ ምናምን ዓመት ጠመንጃ የተሸከመ ሰው ነው እንግዲህ። አለቃው ግን በአውሮፕላን ነው የሄደው።

ጸሐፊው «አንድ ሰው ምሳሌ አይሆንም» ሊሉኝ ይችላሉ። እሺ፣ ጎረቤት እንሂድ። ያ ሁሉ የካራማራ ልጅ የወደቀው ከማን ጋር ሲዋጋ ነው? ከሶማሊያው መሪ ከዚያድ ባሬ ጋር። እሱም ሜጀር ጄነራል ነበር። በ1969 ክረምት ጦሩን ወደ እኛ ላከ፣ በ1970 የካቲት ተመታ። ይሄስ ይሁን፣ ጠላቱ ነበርን። ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳን በአውሮፕላን ያስደበደበው ማነው? እሱ ራሱ! የገዛ አገሩን ከተማ፣ የገዛ ሕዝቡን። የኡጋንዳው ኢዲ አሚንም በእንግሊዞች ጦር ውስጥ ያደገ ወታደር ነው፣ ቦክሰኛም ነበር፣ ፈሪ ያለው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ታንዛኒያን ወረረ። ታንዛኒያን የሚመሩት ጁሊየስ ኔሬሬ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ ሕዝባቸው እስከ ዛሬ መምህር እያለ ነው የሚጠራቸው። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ላይ የአስተማሪው ጦር ካምፓላ ገባ። ወታደሩ ሸሸ። (አስተማሪ ስለነበርኩ ይቺን ምሳሌ ሳነሳ ደስ ይለኛል፣ አልደብቃችሁም።)

ወደ ቤታችን ልመለስ። እዚህ አገር አገር ወዳድነት ሲነሳ ሁሉም የሚሮጠው ወደ አምስቱ የጠላት ዘመን ነው፣ እኔም ልሩጥ። ጃንሆይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ከጦራቸው ጋር ነበሩ። ራሳቸው መትረየስ ይዘው እንደተኮሱ ይነገራል። ከዚያ ሚያዝያ ላይ አገር ለቀው ወጡ። ለምን ወጡ የሚለው እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል፣ ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ይሞታል እንጂ አይሄድም ያሉ ብዙ ነበሩ። ሰኔ 23 ቀን ግን ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ተናገሩ። ዓለም ዛሬም የሚያስታውሰው ያንን ንግግር ነው። ታዲያ አገራቸውን የወደዱት የትኛው ላይ ነው፣ መትረየሱ ላይ ወይስ ወረቀቱ ላይ? እኔ ሁለቱም ላይ እላለሁ። የጸሐፊው ሚዛን ግን መትረየሱን ብቻ ነው የሚያነሳው፣ ጄኔቫ ላይ ስትደርስ ትሰበራለች።

ከዚያ ከወር በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928፣ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ጥይት ተኩሰው አያውቁም። የያዙት መስቀል ነው። ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛ፣ ምድሪቱም እሺ እንዳትለው ገዝተው ነው የሞቱት። እሳቸው ወታደር ቤት ስላልገቡ ስንት ማርክ እንቀንስባቸው?

ሌላም ነገር አለ። ባንዳም እኮ ታጥቆ ነበር! ይሄን ሰዎች ይረሱታል። ባንዳው ጠመንጃ ይዞ፣ ጥይት ተጋርቶ፣ ገደል ወጥቶ ገደል ወርዶ ነው አርበኛውን ያሳደደው። ድፍረት አላነሰውም። ያነሰው ሌላ ነገር ነው። ነፃነት ሲመጣ ደግሞ ስንቱ ባንዳ ሹመት አገኘ፣ በላይ ዘለቀ ግን በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ያኔ ነው ሰው

ኢትዮጵያ አገሬ ሞኝ ነሽ ተላላ፣
የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ

ያለው። ክፍል ውስጥ ይቺን ግጥም ሳነብላቸው ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ሲያድጉ ግን፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ከትምህርቱ ሁሉ የሚያስታውሱት እሷን ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ታላቅ ወንድሜ። ደርግ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ሁሉ ግዴታ አለበት ይላል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም እኩል ነው፣ የባለሥልጣን ልጅም የድሃ ልጅም። በተግባር ግን አፈሳ ሆነ። ወንድሜን ያፈሱት ከሐሙስ ገበያ ነው። እናቴ ጨው ግዛ ብላ ልካው ነበር። ዘመድ ያለው ወጣ፣ ገንዘብ ያለው ወጣ፣ ወንድሜ ሁለቱም ስላልነበረው ሄደ። እግዜር ይመስገን ተመልሷል፣ ዛሬ አይሱዙ ይነዳል። በበዓል ቀን ሰው «አንተ የአገር ባለውለታ» ሲለው ፊቱ ይቀየራል፣ «እኔ ጨው ልገዛ ነው የወጣሁት» ይላል።

ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቀልድ አይደለም። ወታደር መሆን ብቻውን የሰውየውን ልብ አይነግረንም። አንዱ እንደ ሃምሳ አለቃ ወዶ ይሄዳል፣ ሌላው እንደ ወንድሜ ታፍሶ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ሥራ አጥቶ ይሄዳል። ባጃጅ የሚያጥብልን አንድ ልጅ ነበር፣ አምና ተመዘገበ። ለምን ስለው «እትዬ፣ ደመወዝ አለ፣ ምግብ አለ፣ እዚህ ምን አለ?» አለኝ። ይሄ ልጅ ነገ ጀግና ሊሆን ይችላል፣ አይቀርም። ግን የገባው ለእንጀራ ነው። ያው የሁላችንም ነገር እንጀራ ነው፣ አያሳፍርም። እና ከሃያ ዓመት በኋላ «ወታደር ነበርኩ» ብሎ ምረጡኝ ቢል፣ የማይመረጥበት ምክንያት የለም። የሚመረጥበት ምክንያትም ግን እሱ ብቻ መሆን የለበትም።

ሴቶችንስ የት እናድርጋቸው? በጸሐፊው ሚዛን ከአገሪቱ ግማሹ ከበር ይመለሳል። በእርግጥ ሴት ወታደር አለች፣ በርካታ ናቸው። ግን ስንት እናት፣ ስንት ሐኪም፣ ስንት ገበሬ ሴት ነች ወታደር ቤት ሳትገባ አገር የያዘችው። እቴጌ ጣይቱ በጥር 1888 መቀሌ ላይ እንዳየሱስ ምሽግ ውስጥ የመሸገውን ጣልያን ያንበረከኩት የውኃ ምንጩን በማስያዝ ነው። ከጦሩ ጋር ነበሩ፣ እውነት ነው። ግን ያሸነፉት በጭንቅላታቸው ነው። የትኛው ጦር ትምህርት ቤት ገብተው ነው?

ጸሐፊው አሜሪካንን ምሳሌ ጠቅሰዋልና እሱንም ትንሽ ልንካ። «እዚያ ወታደር ያልነበረ አይመረጥም» ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 ትልቁ ቡሽ፣ በጦርነት አውሮፕላናቸው የተመታ አብራሪ የነበሩት፣ ቬትናም ባልሄዱት በክሊንተን ተሸነፉ። በ1996 ቦብ ዶል፣ ጣልያን ውስጥ ቆስለው ቀኝ እጃቸው የቀረው፣ በዚያው ሰው ተሸነፉ። በ2008 ጆን ማኬይን፣ ከአምስት ዓመት በላይ ሃኖይ የታሰሩት፣ ወታደር ሆነው በማያውቁት በኦባማ ተሸነፉ። ትራምፕም ቬትናም አልሄዱም፣ አራት ጊዜ በትምህርት አንድ ጊዜ በእግር ሕመም ምክንያት ተብሎ ቀርቶላቸዋል። በዚያ በጣም የሚያስቀው ነገር ወገኖቹ ቦታ መቀያየራቸው ነው። የእኔ ዕጩ ወታደር ሲሆን ውትድርና የአገር ፍቅር ማረጋገጫ ይሆናል። የእኔ ዕጩ ያልዘመተ ሲሆን ደግሞ «ያለፈው አለፈ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው ጆን ኬሪ በቬትናም ሜዳልያ የተሸለመ ሰው ሆኖ ሳለ ተቃዋሚዎቹ ያንኑ ሜዳልያ አፈር አበሉት። እኛም ጋ ይሄ አመል አለ፣ አትካዱ። የምንወደው ሰው የዘመተ እንደሆነ ዘመቻው ትልቅ ነው፣ የምንጠላው የዘመተ እንደሆነ «ምን ሠራ እዚያ?» ነው።

ከዚያው ሳልወጣ። አሜሪካን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመሩት ሩዝቬልት የወታደር ልብስ ለብሰው አያውቁም። በፖሊዮ እግራቸው ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የኖሩት። ከወዲያ በኩል የቆመው ሂትለር በአንደኛው ጦርነት የተዋጋ፣ የቆሰለ፣ የብረት መስቀል ኒሻን የተሸለመ ወታደር ነው። በዚያ ሚዛን ጀርመኖቹ የተሻለ መሪ ነበራቸው ማለት ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት ቢሆን ይሄን ነገር አስቦበታል። አንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው ይላል፣ ወታደር የነበረ ይሁን ግን አይልም። አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኖ የሚሾመው ሲቪል ይሆናል ይላል። ልብ በሉ፣ መከላከያን የሚመራው ሰው ራሱ ሲቪል እንዲሆን ነው የተጻፈው። ይሄ የገባው ወታደር ስለተናቀ አይመስለኝም። አሥራ ሰባት ዓመት በወታደር ከተገዛን በኋላ የተጻፈ ወረቀት ስለሆነ ነው።

አቶ መለስ ዜናዊ የሕክምና ትምህርታቸውን ትተው በረሃ ገቡ፣ እስከ 1983 ታገሉ። ያ ሁሉ ዓመት የበረሃ ኑሮ ግን አገር ይወዳሉ አይወዱም የሚለውን ጭቅጭቅ ዘጋው? የአሰብ ነገር ሲነሳ ሰው ምን ይላቸው እንደነበር የምታውቁት ነው። አንዱ ባለራእይ ይላቸዋል፣ ሌላው ስማቸው ሲነሳ ይነሳበታል። ጠመንጃ መያዛቸውን ግን ሁለቱም ያውቃሉ። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ደግሞ የውኃ መሐንዲስ፣ የኮሌጅ መምህር ናቸው፣ ወታደር አልነበሩም። በ2010 የካቲት አገሩ ሲናጥ የመፍትሔው አካል ልሁን ብለው በገዛ እጃቸው ወንበሩን ለቀቁ። በዚህ አገር ወንበር እንዲህ በቀላሉ የሚለቀቅ ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን።

ስለ አሁኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ዝም ብዬ ባልፍ ሰፈሩ ይስቅብኛል። በሻሻ እኮ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ አጋሮ አጠገብ ነው። በልጅነታቸው ጦሩን ተቀላቀሉ፣ ሌተና ኮሎኔል ደረሱ፣ ሩዋንዳ ለሰላም ማስከበር ሄደዋል። በ2014 ኅዳርም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ግንባር ወረዱ። ደንበኞቼ መሃል በዚህ የሚኮሩ አሉ፣ የሚናደዱም አሉ፣ ሁለቱንም ቡና አጠጣለሁ። እኔ የምለው እሳቸውንም በዚያ አንለካቸው ነው። ግንባር መውረዳቸው አንድ ነገር ነው። ጦርነቱ እንዴት ተጀመረ፣ ስንት ሰው በላ፣ በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ በኋላስ ለተጎዳው ምን ተደረገ የሚለው ሌላ ነገር ነው። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛውን ነው። የትኛውም መሪ ቢሆን ያው ነው ጥያቄዬ።

አሁን የእኛን ሰው ላንሳ፣ ጅማ ተቀምጬ እሳቸውን ሳላነሳ ብቀር ነውር ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም አለ፣ ያላያችሁ ኑ እዩ። በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር ወደዚህ ሲመጣ አባ ጅፋር ጦር ነበራቸው፣ ፈረሰኛ ነበራቸው። ግን አሰቡት። ማን ምን ያህል ጠመንጃ እንዳለው አዩ። ገበሩ። በየዓመቱ ግብር እየላኩ አገራቸውን እንደ ልማዱ ማስተዳደር ቀጠሉ፣ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ድረስ፣ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ። የሂርማታ ገበያ አልተቃጠለም። ነጋዴው ከጎንደር ከወለጋ እየመጣ ቡናውን፣ ዝባዱን ጭኖ ሄደ።

ጎረቤታችን ከፋ ሌላ መንገድ መረጠ። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተዋጉ። ደፋር ነበሩ፣ ማንም አይክድም። በ1889 ዘመቻ ከፋ ተሸነፈ፣ ንጉሡ ተይዘው ታሰሩ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው አገራቸውን አላዩም። ሕዝቡም ያለቀው አለቀ። ወላይታም በ1887 እንዲሁ ተዋግቶ ተሸነፈ።

እና አባ ጅፋር ፈሪ ናቸው? እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲህ ብላችሁ ተናገሩና ምን እንደሚገጥማችሁ እዩ። ጋኪ ሸሮቾስ አገራቸውን ከአባ ጅፋር በላይ ወደዱ? ቦንጋ ሂዱና ይሄን ጠይቁ፣ መልሱ ከጅማው ይለያል፣ መለየትም አለበት። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ለሁለት ከፍዬ አከራክሬ ደወል ተደውሎ እንኳ አልወጡም።

አባ ጅፋርን ግን መልአክ አላደርጋቸውም። የራሳቸውን አገር ከጦር አድነው፣ ወላይታና ከፋ ላይ በተደረጉት ዘመቻዎች የጅማ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ዘምቷል። የጅማ ገበያ ላይ ሰውም ይሸጥ ነበር። ይሄን የምጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም። ግን ስለ መሪ ስናወራ ሙሉውን እናውራ። እኒህ ሰው ከራሳቸው ሕዝብ ላይ ጦር የመለሱ ናቸው፣ ጎረቤት ላይ ጦር የላኩም ናቸው። በጦር ሜዳ ብቻ ብትመዝኗቸው የመጀመሪያው ሥራቸው ፍርሃት ይባላል፣ ሁለተኛው ጀግንነት ይባላል። እኔ ደግሞ ፍርዴ ግልብጥ ነው።

እንግዲህ ምን ላይ ልለካው ካላችሁኝ፣ መሪ የራሱን ነፍስ ምን እንዳደረጋት ብዙም አያስጨንቀኝም። የሰውን ልጅ ምን እንዳደረገው ነው የምጠይቀው። ሌላ መንገድ ሞክሮ ነው ወይ የላከው? ሲልከው ስንቅ ነበረው? ሲቆስል ያነሳው አለ? ሲሞት ለእናቱ በጊዜው ተነገራት ወይስ ከሰው ሰማች? የገዛ ልጁስ የት ነበር? ጥሩ ቡና ለቃሚ ሁሉ የገበያ ዋጋ እንደማያውቅ፣ ጥሩ ተኳሽም ሁሉ መቼ መተኮስ እንደሌለበት አያውቅም፣ እና አገር የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህችው ነው።

ሃምሳ አለቃ የሚያሳዩኝ ወረቀት አለ። ኮታቸው ኪስ ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚይዙት፣ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። በ1970 ላይ ቆስለው የታከሙበት ማስረጃ ነው። ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ ቢሮ ይዘውት ሲሄዱ፣ መስኮት ላይ ያለው ልጅ «ይሄ የድሮ መንግሥት ነው» ብሎ መለሰላቸው። የድሮ መንግሥት! ጣቶቻቸውም የድሮ መንግሥት ናቸው እንግዲህ። ስለ መሪ ወታደርነት የምንጨቃጨቅበትን ጊዜ ግማሹን እዚያች መስኮት ላይ ብናጠፋው ምናለ እላለሁ። ሁለቱ ደግሞ አይነጣጠሉም። ማን ወታደር ነበር እያልን ስንመርጥ፣ ወታደር ስለነበሩት ሰዎች ማን ምን አደረገ የሚለው ይረሳል። ካሜራው ሁልጊዜ መሪው የወታደር ልብስ ሲለብስ ነው ያለው፣ ሃምሳ አለቃ መስኮት ላይ ሲቆሙ ካሜራ የለም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ሁለት ሰው ይቅረብ። አንዱ የዘመተ፣ የቆሰለ፣ ሜዳልያ ያለው ነው፣ ግን ስለ ቁስለኛው፣ ስለ ተፈናቃዩ፣ ስለ ወላጅ አልባው ስትጠይቁት ስለ ራሱ ጀብዱ ነው የሚመልስላችሁ። ሌላዋ የጤና ጣቢያ ነርስ ነች፣ ጠመንጃ ይዛ አታውቅም፣ ግን በጦርነቱ ጊዜ ከጣቢያዋ አልሸሸችም፣ ከሁለቱም ወገን የመጣውን ቁስለኛ አክማለች፣ ስንቱ እንደሞተባት በስም ታውቃለች። የሚመርጡት ማንን ነው?

እኔ ነርሷን ነው። የዘመተው ሰው ስለ ቁስለኛው በደንብ ከመለሰልኝ ደግሞ እሱን። ወታደር ቤት ገብቷል አልገባም የሚለውን ከሁሉ በኋላ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው የማነሳው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት፣ ጅማ